በጥርስ የተቆረጠው ሽቦ

በዘጠኝ ዓመቴ፣ ቄሱ፣ የእመቤታችን ሥዕልና የደሴታችን ሕዝብ በሙሉ በቆሙበት፣ አንዲት ሴት ላይ ጣቴን ቀስሬ «አጥፊዋ እሷ ናት!» ብዬ ጮኽኩ። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነበር። አንዱም ግን አልገባኝም ነበር።

አሁን ሠላሳ ሊሞላኝ ነው፤ የጀልባ ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩትም። ዲፕሎማቸውን ግድግዳ ላይ የሰቀሉ የፒሬየስ፣ የግሪክ ትልቁ ወደብ፣ ባለሙያዎች ሞተር ክፍል ውስጥ ተወትፈው ሲያልባቸው የሚደውሉት ለእኔ ነው፤ እኔም ስልኩ ሦስት ጊዜ ሳይጮህ አላነሳም። ይህን የምለው ልመካ ብዬ አይደለም። እሺ፣ ልመካ ብዬ ነው። ግን የመጀመሪያ ሥራዬ አባቴን ምን ሊያሳጣው እንደነበር ስለምነግራችሁ፣ ትንሽ ብመካ ይካካሳል።

አባቴ ስትራቲስ ዕድሜዋ ከእሱ የሚበልጥ የእንጨት ጀልባ ነበረችው። ስሟ ሃሪክሊያ ነው፤ የእናቴ ስም። እናቴ የሞተችው ሦስት ዓመቴ ላይ ስለሆነ፣ እውነቱን ለመናገር ያኔ ሃሪክሊያ ሲባል ዓይኔ ላይ የሚመጣው ሴት ሳይሆን፣ ነጭና ሰማያዊ የተቀባ፣ ናፍጣ ናፍጣ የሚል ነገር ነበር።

ያረጀ የእንጨት ጀልባ ውኃ ያስገባል። ይህ ዕድሜ እንጂ ነውር አይደለም፤ ነውሩ የገባውን አለማውጣት ነው። ለዚህ ሲባል ከወለሉ ሳንቃ ሥር፣ ጀልባዋ ሆድ ውስጥ፣ ፓምፕ አለ፤ አጠገቡ ደግሞ መዳፍ የምታክል ተንሳፋፊ ማብሪያ። ውኃው ሲነሳ ማብሪያዋ አብራ ትነሳለች፤ እሷ ስትነሳ ፓምፑ ይሠራል፤ ውኃው ሲያልቅ ተመልሳ ጋደም ትላለች። ባለቤቱ ቤቱ ተኝቶ እሷ ዘብ ታድራለች። እሷ ከሞተች ግን ጠዋት የምታገኙት ጀልባ ሳይሆን ገንዳ ነው።

በዚያ በጋ፣ በእኛ አገር ሙቀቱ የሚበረታበት ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ጠዋት ገንዳ አገኘን። ሞተሩ እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ቆሟል፤ የአባቴ አንድ እግር ጫማ እየቀዘፈ ይዞራል።

በዚያው ጠዋት እኔም ሁለት ጥፊ ቀመስኩ። አክስቴ ፒፒና፣ የእናቴ ታላቅ እህት፣ ከእኛ ጋር የምትኖር ልብስ ሰፊ ነበረች። ከአሌክሳንድሪያ የመጣች ዚግዛግ የምትቆርጥ መቀስ ነበረቻት፤ በደሴቱ ሙሉ እንደሷ ያለች ሌላ የለችም። ማንም እንዲነካት አትፈቅድም። ያን ቀን መቀሷን ብርሃን ላይ አንስታ እያየች ጠራችኝ።

«አሲሚና! በመቀሴ ምን ቆረጥሽበት?»

«ምንም!»

«ምንም የቆረጠ መቀስ እንዲህ አይዶለዱምም!» አንድ በቀኝ፣ አንድ በግራ። በከንቱ መመታቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እንዳልነካኋት እመቤታችን ታውቃለች።

ጀልባዋን ማን ይሥራት ሲባል መልሱ አንድ ነበር። የደሴቱ ኤሌክትሪክ ሠሪ ክረምት ላይ ሞቶ፣ ሱቁን ልትዘጋ የመጣችው ልጁ ኤቭዶኪያ ነበረች፤ ሠላሳ ስድስት ዓመቷ፣ ያላገባች፣ ሱሪ የምትለብስ፣ ካቻቢቴ ጆሮዋ ላይ እንደ እርሳስ የምትሰካ። ከእመቤታችን በዓል ማግስት በመርከብ ወደ ፒሬየስ ልትመለስ ነው፤ አንድ የመርከብ መሥሪያ ግቢ ሥራ ይጠብቃታል። ይህን ሁሉም ያውቃል።

እኛ ደሴት ላይ፣ ሚስቱ የሞተችበት ወንድ ቤት ያላገባች ሴት ብትገባ፣ ከመውጣቷ በፊት ወሬው ከላይኛው መንደር ደርሶ ይመለሳል። ጀልባ ግን ሌላ ነው። ጀልባ ወደብ ላይ፣ በሰው ሁሉ ዓይን ሥር ነች፤ እዚያ የሚገባው ሠራተኛ እንጂ ሴት አይደለም። አክስቴ ሰገነቱ ላይ ሆና ደንቡን አወጣች።

«ጀልባው ላይ ትሥራ። ይህን ደጅ ግን እንዳትረግጥ! አንቺም ሂጂና አጠገባቸው ተቀመጪ። ዓይንሽን ብትነቅዪ ወዮልሽ!»

ሄድኩ። ዓይኔንም አልነቀልኩም። ሙያዬን ያገኘሁት እንግዲህ በስለላ ነው።

ኤቭዶኪያ ሳንቃውን አንስታ በሆዷ ተኛች፤ ባትሪ መብራቷን ነክሳ ወደ ውስጥ አየች። ከዚያ መብራቱን ከአፏ አወጣችና አንድ ሽቦ በጣቷ ሳብ አደረገች።

«ካፒቴን ስትራቲስ፣ ይህ ምንድነው?»

«ሽቦ ነው።»

«የምን ሽቦ?»

አባቴ አሰበ። «የካውያ።»

«ይኼስ?»

«የደጅ ደወል ነበር።»

«እሺ። ቀዩ ከባትሪው ነው የሚመጣው?»

«አይ፣ ከባትሪው የሚመጣው ነጩ ነው። ቀይ አልቆብኝ ነው።»

«ጥቁሩስ?»

«እሱ ወዴት እንደሚሄድ እኔም አላውቅም። ግን ሲነቀል ሬዲዮው ይዘጋል።»

ከፊውዙ ቤት ውስጥ ደግሞ የተጠቀለለ የሲጋራ ብርማ ወረቀት አወጣች። «ይህ ፊውዝ ነው?»

«ሠርቷል እኮ። አሥር ዓመት።»

«ጀልባዎ እስካሁን ያልተቃጠለችው ውኃ ስለምታስገባ ብቻ ነው» አለችው።

አባቴ ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። አባቴ በቀን አራት ቃል የሚናገር ሰው ነበር፤ ሁለቱ «እሺ» ነው። እሱ ግን ሳቀ። ድምፁ አስደነገጠኝ፤ ሞተሩ የተነሳ መስሎኝ ዞር አልኩ።

በመጨረሻ የተበላሸችውን ማብሪያ አወጣቻት። ሽቦዋ ከአንገቷ ሥር ተቆርጧል፤ ለመቀጠል የሚሆን ጣት ታህል እንኳ አልቀረም። ኤቭዶኪያ የተቆረጠውን ጫፍ ወደ ዓይኗ አስጠግታ አየች። ከዚያ አባቴን አየች። ከዚያ እንደገና ጫፉን አየች።

«ምን በላው?» አላት።

«አይጥ ነዋ።»

«ጀልባዬ ላይ አይጥ የለም።»

«እንግዲያው አይጥ አይደለም» አለችና ፈገግ አለች። «አሁን መተካት ብቻ ነው።»

«አሮጌዋን ወደ ባሕሩ ወርውሪያት» አለኝ አባቴ። ኤቭዶኪያ ግን ቀድማኝ ኪሷ ከተተቻት። ሌባ ናት ብዬ የመዘገብኳት ያኔ ነው።

አዲሷን ስትገጥም እየተናገረች ነበር፤ ለአባቴ መስሎኝ ነበር፤ ዛሬ ግን አንዳንዱ ወደ እኔም እንደሆነ እጠረጥራለሁ። የባትሪው ፖዘቲቭ ወደ ፊውዝ፤ ከፊውዝ ወደ ማብሪያዋ፤ ከማብሪያዋ ወደ ፓምፑ። ኔጌቲቩ ማንንም ሳያናግር ቀጥ ብሎ ይመለሳል። ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ ይሁን፣ ማዶ አይደለም። የሽቦው መጋጠሚያ ሁልጊዜ ከውኃው በላይ ይሁን፤ ውኃ የነካው መዳብ በወሩ አረንጓዴ ይሆናል፣ በሁለተኛው ወር ዱቄት። ናስትሮ ብቻ አይበቃም፤ በእሳት ሲሞቅ የሚጨብጠው የላስቲክ ቱቦ ይልበስ። ሁሉንም እንደ ጸሎት ሸመደድኩት።

በሦስተኛው ቀን ጀልባዋ ሞላች። ፊውዙ የለም።

«ተፈናጥሮ ይሆናል» አለ አባቴ ባሕሩን እያየ።

ኤቭዶኪያ መጣች። ሁለት ሰዓት ፈጀባት። ፊውዝ መክተት በእኔ ግምት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የቀረውን ጊዜ ሁለቱም ጭንቅላታቸውን ሳንቃው ሥር ቀብረው፣ ቂጣቸውን ለወደቡ ሕዝብ ሰጥተው ሲያወሩ ነበር። ጆሮዬን አስጠግቼ ሰማሁ። የጾም ኦክቶፐስ በሆምጣጤ ነው ወይስ በወይን የሚቀቀለው? አባቴ በሆምጣጤ ይላል። እሷ በወይን ትላለች። አባቴ ያን ቀን፣ በጣቴ ቆጥሬ ሲያቅተኝ ተውኩት እንጂ፣ የአንድ ወር ቃሉን ጨረሰ። ክፉኛ እንደተጣሉ ገባኝ።

ከዚያ ሽቦው ከፓምፑ ተላቀቀ። ከዚያ ማብሪያዋ ሥር የወይን ጠርሙስ ቡሽ ተሰንቅሮ ተገኘ። በየጊዜው ኤቭዶኪያ ትመጣለች፤ በየጊዜው ትሠራለች፤ በየጊዜው ይበላሻል። ቡና ቤቱ ደጃፍ የሚቀመጡት ሽማግሌዎች በዓል ሆነላቸው።

«ስትራቲ! ጀልባህን ወባ ይዟታል እንዴ? ቀን እየቆጠረ ነው የሚነሳባት!»

«ሐኪሟ አለችለት፤ ምን ቸገረው!»

«የእኔም ወገብ ውኃ ሳይገባበት አልቀረም፣ ጥሩልኝ እስቲ!»

እኔ በሐፍረት ተቃጠልኩ። ሰዉ የሚስቀው በኤቭዶኪያ ሙያ ቢስነት መስሎኝ ነበር። አባቴ እሷን «እርስዎ» ማለት ትቶ «አንቺ» ማለት ሲጀምርማ፣ ጨርሶ እንደናቃት ተረዳሁ፤ ግን ደግ ስለሆነ ማባረር አልቻለም። አንድ ሰው ይህን ቤተሰብ ማዳን ነበረበት።

መዳን ነበረበት፤ ምክንያቱም ዘንድሮ ተራው የእኛ ነው። በየዓመቱ በእመቤታችን በዓል ሥዕሏ በአንድ ጀልባ ተጭና ወደቡን ትዞራለች፤ ሌሎቹ ጀልባዎች ይከተላሉ። የሃሪክሊያ ተራ የደረሰው ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ነበር። ያለፈው ጊዜ ስሟን የሰጠቻት ራሷ፣ እናቴ፣ አበባውን አስራለች ይባላል። አባ ኔክታሪዮስ መጥተው ጢማቸውን ይዘው ጀልባዋን አዩ።

«ስትራቲ ልጄ፣ እመቤታችን ብዙ መከራ አይታለች፤ መዋኘት ግን አልተማረችም። ይቺ ጀልባ ደረቅ ካልሆነች ሥዕሉን ለካፒቴን ፓንዴሊስ እሰጣለሁ።»

ካፒቴን ፓንዴሊስ የፕላስቲክ ጀልባ ነው ያለው። ፕላስቲክ!

ከበዓሉ ሁለት ቀን በፊት፣ ሰው ሁሉ ከምሳ በኋላ መስኮቱን ዘግቶ በተኛበት ሰዓት፣ የአባቴን ፒንሳና የሻማ ቁራጭ ይዤ ወረድኩ። ወደቡ ላይ እኔና ድመቶቹ ብቻ ነን። በሆዴ ተኛሁ፤ ባትሪ መብራቱን ነከስኩ። የካውያውን ሽቦ ነቅዬ ጣልኩ፤ የደጅ ደወሉንም። ኤቭዶኪያ ትርፍ ጥላው የሄደችውን ባለ ሁለት ሽቦ ገመድ ዘረጋሁ። ላጥኩ፣ ጠመዘዝኩ፣ የላስቲክ ቱቦውን አልብሼ በሻማ አሞቅሁት፤ መጋጠሚያውን ከውኃው ሁለት ስንዝር ከፍ አድርጌ አሰርኩት። ከዚያ ማብሪያዋን በጣቴ አነሳኋት።

ፓምፑ አጉረመረመ። ውኃው ከጎን ተተፋ።

ብዙ ነገር ሠርቻለሁ ከዚያ ወዲህ። ግማሽ ሚሊዮን ዩሮ የሚያወጣ የሀብታም ጀልባ በአንድ ቀን ከሞት አስነስቻለሁ። እንደዚያች ጉርምርምታ ያለ ሙዚቃ ግን አልሰማሁም።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ ጀልባውን ሊያይ ወረደ፤ እኔ መረቡ ክምር ኋላ ተደብቄ ደስታውን ልመለከት ጠበቅሁ። ሳንቃውን አነሳ። ደረቅ ነው። ማብሪያዋን ነካ፤ ፓምፑ አጉረመረመ። ሽቦውን ወዘወዘው፤ አልነቃነቅ አለው። ጎተተው። አልላቀቅ አለው። ቀስ ብሎ ተቀመጠና ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ቀብር ደርሶ እንደተመለሰ ሰው፣ ባሕሩን ማየት ጀመረ።

በደስታ ልቡ ተነክቶ ነው አልኩ። ምን ይደረግ፣ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሰውየው በሁለት ቀን ውስጥ የምትሄደውን ሴት የሚጠራበትን የመጨረሻ ምክንያት አንድ አይጥ በላስቲክ ቱቦ እንደጠረቀመበት እያሰበ እንደነበር ማን ይንገረኝ?

ከሰዓት በኋላ አባቴ ቤት ሳለ ኤቭዶኪያ ሳትጠራ መጣች፤ መሣሪያ ሳጥኗን ይዛ። እኔ መረቡ ኋላ ነኝ። ሳንቃውን አነሳች፤ ሥራዬን አየች። መጋጠሚያውን በጣቷ ዳበሰች። «አቤት!» አለች ለራሷ፤ «ማነው ይህን የሠራው?» ልቤ ሊፈነዳ ደረሰ፤ ልወጣ ተነሳሁ። እሷም ቡና ቤቱን አየች፣ ሰገነታችንን አየች። ከዚያ ፒንሳዋን አወጣችና፣ ቂጭ! ሽቦዬን ቆረጠችው።

ሽቦዬን!

እየሮጥኩ ለአክስቴ ነገርኳት፤ እንባ በእንባ ሆኜ። አክስቴ ክር በመርፌ ቀዳዳ እያስገባች ነበር። አስገባች። ቋጠረች።

«በዓይንሽ አየሽ?»

«በዓይኔ!»

«ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ፤ ለአባትሽም። ነገ፣ ሰው ሁሉ ባለበት ትናገሪያለሽ። ሌባ የሚያዘው በአደባባይ ነው።» ከዚያ እስኪመሽ ከጎኗ አላስነሳችኝም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተማምናብኝ አታውቅም።

በበዓሉ ጠዋት ወደቡ በአበባና በባንዲራ ተሸፈነ። አባቴ የእኔን ሥራ አምኖ ጀልባዋን አላየም፤ አክስቴ ስታላብሰው፣ ስትላጨው፣ ኮሌታውን ስታስተካክል አረፈደችው። አባ ኔክታሪዮስ ሥዕሉን እንዳቀፉ አንድ እግራቸውን ጀልባዋ ውስጥ አሳረፉ። ሳንቃው ተንሳፈፈ። የቄሱ እግር እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጠለቀ።

«ስትራቲ!» አሉ አባ፤ ሌላ ሊናገሩ የፈለጉትን ሥዕሉ ከለከላቸው።

ካፒቴን ፓንዴሊስ ወዲያው ሞተሩን አስነሳ። ያ ድምፅ ነው ያሳበደኝ።

«እሷ ናት!» አልኩ። «ኤቭዶኪያ ናት! እኔ ሠርቼው ነበር፤ እሷ ትናንት መጥታ በፒንሳ ቆረጠችው! አይቻታለሁ! ሁሌም እሷ ናት የምታበላሸው!»

በአጠገባችን የሚያልፍ ጀልባ ቀዛፊ ቀዘፋውን አቆመ። የበዓሉ መለከት ነፊዎች እንኳ አፋቸውን ከመለከቱ አነሱ።

ኤቭዶኪያ እንደ ኖራ ነጣች፣ ቀጥሎ እንደ ቲማቲም ቀላች። «የትናንቱን እኔ ነኝ» አለች። «ሌሎቹን ግን አይደለሁም።»

የሕዝቡ ዓይን ወደ አባቴ ዞረ። አባቴ ጫማውን ያያል።

«ፊውዙን?» አሉ አባ።

«...እኔ።»

«ቡሹን?»

«እኔ።»

«የተላቀቀውን ሽቦስ?»

«እሱንም።»

ሽማግሌዎቹ በዱላቸው መሬቱን መደብደብ ጀመሩ፤ ሳቃቸው ሳል ሆነባቸው። እኔ ምኑም አልገባኝም። አባቴ ለምን ወንጀለኛዋን ያድናታል?

ያኔ አክስቴ ፒፒና በጥቁር ልብሷ ሕዝቡን በክርኗ ገፍታ መጣች። አሁን ትገድላቸዋለች አልኩ።

«እህቴ ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው» አለች። «ጀልባዋንም ልትገድሏት ነው? ሰው ሴት መጥራት ሲፈልግ ደጁን ይከፍታል እንጂ መርከብ ያሰጥማል? ደጁ ያው! ከዛሬ ጀምሮ ክፍት ነው፤ አባ ምስክሬ ይሁኑ። አንተ ደግሞ አፍ ካለህ ተናገር፤ መርከቡ ነገ ጠዋት ነው!»

አባቴ ኮፍያውን አወለቀ። ያን ያህል ሰው ፊት ተናግሮ አያውቅም።

«ኤቭዶኪያ» አለ፤ «ነገ አትሂጂ።»

ኤቭዶኪያ ወደ እኔ መጣችና ፒንሳዋን ዘረጋችልኝ። «ቶሎ በይ። ቄሱ እግራቸው ውኃ ውስጥ ነው። አንቺ ከእኔ ይልቅ ንጹሕ ትሠሪያለሽ።»

በሕዝቡ ሁሉ ፊት፣ በበዓል ቀሚሴ፣ በሆዴ ተኛሁ። አራት ደቂቃ። ፓምፑ ሲያጉረመርም የተተፋው ውኃ ካፒቴን ፓንዴሊስ ላይ አረፈ፤ ያንን ሆን ብዬ አላደረግሁም፤ ብዬ ስንት ጊዜ ምያለሁ። እመቤታችን በሃሪክሊያ ወደቡን ዞረች። የማግስቱ መርከብ ኤቭዶኪያን ሳይዝ ሄደ፤ እኔም አንዲትን አጥፊ በአደባባይ ከስሼ እንዴት ቤታችን እንደገባች ለመረዳት ሦስት ዓመት ፈጀብኝ።

አክስቴ ፒፒና ባለፈው ክረምት አረፈች። በስተመጨረሻ ዓይኗ ጠፍቶ ሳለ እንኳ መቀሷን ከትራሷ ሥር አላወጣችም፤ በኑዛዜ የተወችው ለእኔ ነው። ለምን ለእኔ እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

ባለፈው ሳምንት ኤቭዶኪያ፣ እጇ መንቀጥቀጥ ስለጀመረ፣ መሣሪያ ሳጥኗን አስረከበችኝ። ከታች፣ ከዘይት ጨርቅ ውስጥ፣ ያቺ አሮጌ ማብሪያ ወጣች።

«እስካሁን?» አልኳት።

«እንዴት ልጥላት?» አለች፤ ስልሳ ዓመት ሊሞላት ምንም ያልቀራት ሴት እንደ ኮረዳ ቀላች። «ሌሎቹን እኔ ከተመላለስኩ በኋላ ነው ያደረጋቸው። ይቺን ግን ገና ከመምጣቴ በፊት። አባትሽ አያምንም፤ ‹የመጀመሪያዋ ራሷ ተበላሽታ ነው› እያለ ሃያ ዓመት ይምላል፤ አፍሮ ነው። እዪው እንጂ፤ በጥርሱ ነው የቆረጠው! እዪ፣ የጥርሱ ምልክት! ስንት ወንድ አበባ አምጥቶልኛል፤ ለእኔ ብሎ ሽቦ ያኘከ ግን እሱ ብቻ ነው። የቀረሁት ለዚህ ነው።»

ማብሪያዋን ወደ ብርሃኑ አነሳኋት። እኔ በሥራዬ ዝገት የበላውን፣ አይጥ የበላውን፣ እሳት የበላውን ሽቦ በአንድ እይታ እለያለሁ። የላስቲኩ ጫፍ ላይ ተመሳሳይ፣ እኩል እኩል የሆኑ ትንንሽ ሾጣጣዎች ተደርድረዋል፤ ጫፍ፣ ሸለቆ፣ ጫፍ፣ ሸለቆ። የሰው ጥርስ እንዲህ አይሰለፍም፤ የአባቴማ ያኔም ሁለቱ የሉም። እንዲህ የሚቆርጥ መቀስ በደሴቱ አንድ ብቻ ነው፤ አሁን በእኔ መሳቢያ ውስጥ አለ፤ አፉ መሃሉ ላይ ዶልዱሟል። ሁለቱም ጉንጮቼ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ አንድ ላይ ጋሉ።

በመስኮቱ ወደቡ ይታያል። አባቴ ሃሪክሊያ ላይ ተቀምጦ፣ በሰው ሠራሽ ጥርሱ ከዳቦ ቅርፊት ጋር ይታገላል። ኤቭዶኪያ ፊቴን እያየች ትጠብቃለች።

አፌን ከፈትኩ። እውነቱን በመላው ወደብ ፊት የጮኽኩ ሴት ነኝ።

«አዎ» አልኳት። «የሰው ጥርስ ነው። እንዴት ያለ ንክሻ ነው!»